የሜፕል ፓምፕ መቼ ይነሳ፣ መቼ ይጥፋ?

መጋቢት፣ ቨርሞንት (አሜሪካ)

ትንበያው ለሌሊቱ ከዜሮ በታች 4፣ ለነገ ቀን ደግሞ ከዜሮ በላይ 6 ዲግሪ ይላል። ለሜፕል፣ ጣፋጭ ፈሳሹ ሽሮፕ ለሚሠራበት ዛፍ፣ ከዚህ የተሻለ የለም። ሌሊት ቅርንጫፉ ሲቀዘቅዝ ዛፉ ከሥሩ ውሃ ይስባል፤ ቀን ሲሞቅ ግንዱ ውስጥ ግፊት ይፈጠርና ጣፋጩ ፈሳሽ በተበሳው ቀዳዳ ይወጣል። በባልዲ የሚለቅም ሰው ዛፉ ሲሰጠው ይቀበላል፣ በቃ። ዛፎቹን በቱቦ አገናኝቶ ቫኪዩም ፓምፕ (አየር መሳቢያ) የገጠመ ግን መቼ እንደሚያስነሳና መቼ እንደሚያጠፋ በየቀኑ መወሰን አለበት።

ብዙ ሰው ፓምፑ ዛፉን የሚመጥ ይመስለዋል። ፓምፑ የሚያወጣው ቱቦው ውስጥ ያለውን አየር ነው። ፈሳሹ የሚፈሰው የግንዱ ግፊት ከውጭው ሲበልጥ ስለሆነ፣ የውጭው፣ ማለትም የቱቦው፣ ዝቅ ሲል የዛፉ ግፊት ቢዳከም እንኳ መፍሰሱን አያቆምም። በሙያው የሚሠራበት ስሌት፣ እያንዳንዱ ኢንች ሜርኩሪ (የቫኪዩም መለኪያ አሃድ) ቫኪዩም ምርቱን ከ5 እስከ 7 በመቶ ይጨምራል ይላል። 20 ኢንች ላይ መቆምና 25 ላይ መድረስ እንግዲህ ትንሽ ልዩነት አይደለም።

ጠዋት ቴርሞሜትሩ ዜሮ እስኪል መጠበቅ አይገባም። ወደ ደቡብ የዞረው ተዳፋት ፀሐይ ሲያገኘው፣ አየሩ ገና ከዜሮ በታች 1 ሆኖ ዛፉ መቅለጥ ይጀምራል። ስለዚህ ሙቀቱ ሽቅብ እያለ ከዜሮ በታች 1 ሲደርስ ፓምፑ መነሳት አለበት። ግማሽ ሰዓት መቅደም የሚያስከፍለው የመብራት ብቻ ነው፤ መዘግየት ግን የመጀመሪያውን ፍሰት ያስቀራል። ከማስነሳቱ በፊት ዘይቱ ይታያል፣ የእርጥበት ማጥመጃው ይደፋል፣ ፈሳሹን ከቫኪዩሙ የሚለየው ሳጥን ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ በበረዶ አለመያዙ በእጅ ይሞከራል።

ከተነሳ በኋላ አንድ ጌጅ (የቫኪዩም መለኪያ) አይበቃም። ፓምፑ ጋ 26 እያለ የመስመሩ ጫፍ 21 ካለ፣ መሃል ላይ የሚያስተነፍስ ቦታ አለ ማለት ነው። ፍለጋው በዓይን ነው፦ ጤነኛ ቀጭን ቱቦ ውስጥ አረፋዎቹ ቀስ እያሉ ይሄዳሉ፤ የሚጣደፉ ከሆነ ከዚያ በላይ ቀዳዳ አለ። አብዛኛውን ጊዜ የሽኮኮ ጥርስ ነው፤ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ጥቃቅን ጭረቶች፣ ጆሮ ጠጋ ሲል የሚሰማ ፉጨት። ያን ቦታ ቆርጦ በመገጣጠሚያ መቀጠል እንጂ በፕላስተር መጠቅለል አያዛልቅም።

ከማስነሳቱ ይልቅ የሚከብደው ማጥፋቱ ነው፤ ትልቁም ስህተት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። ወደ ማታ ዛፉ ውስጥ ያለው ጋዝ ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና ግንዱ ራሱ መሳብ ይጀምራል። በዚያ ሰዓት ፓምፑ ከጠፋ፣ ቱቦው ውስጥ የቀረው ፈሳሽ ከነባክቴሪያው ወደ ቀዳዳው ይመለሳል። ቀዳዳው ይደፈንና ወቅቱ ሳያልቅ ይደርቃል። ግንዱ ላይ የሚሰካው ባለ ቫልቭ ቧንቧ ይህን ይቀንሳል፣ ግን የቫኪዩምን ቦታ አይተካም። ስለዚህ ፓምፑ የሚጠፋው መስመሩ በሙሉ በረዶ ሲሆን ብቻ ነው። ምልክቱም ሳጥኑ የሞላውን ፈሳሽ መድፋት ያቆማል፤ ቀጭኑን ቱቦ በጣት ሲያጎብጡት ውስጡ ይንኮሻኮሻል። ቀጭኖቹ ቱቦዎች የሚገቡበት ዋናው መስመር ወፍራም ስለሆነ ዘግይቶ ይረጋልና እሱንም መዳሰስ ያስፈልጋል።

ሌሊቱ ዜሮ አካባቢ የሚዋዥቅ ከሆነ እንዲያድር መተው ይሻላል። በዘይት የሚሠራን ፓምፕ በየሰዓቱ ማብራትና ማጥፋት ይጎዳዋል፤ ሳይሞቅ ስለሚቆም እርጥበቱ ዘይቱ ውስጥ ይቀራል። ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታልና ወዲያው ይቀየር። በውሃ የሚሠራው ዓይነት ደግሞ ለብርድ ከጠፋ ውሃው መፍሰስ አለበት፤ በረዶ ከያዘ አካሉን ይሰነጥቀዋል።

ውርጭ ሳይኖር ሁለት ሦስት ቀን ሲሞቅ ባልዲዎቹ ይደርቃሉ፤ ቫኪዩም ያለው መስመር ግን ማንጠባጠቡን ይቀጥላል፤ እኔ በዚያን ጊዜ ፓምፑን አላጠፋም። ለወቅቱ ጨርሶ የማጠፋው እምቡጡ ሲያብጥና የፈሳሹ ጣዕም ሲበላሽ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚገባው ፈሳሽ የሽሮፑን ጣዕም ያበላሻል።

ዛሬ ማታ ከዜሮ በታች 4 ስለሚሆን ፓምፑ አያድርም። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ባትሪ ይዞ ወጥቶ ዋናውን መስመር መዳሰስ ነው የቀረው።