ዘፋኙን ትቶ ባንዱን መከተል

«ምን ዓይነት ሙዚቃ ትወዳለህ?» ስባል ሁሌም ግራ ይገባኛል። ስልኬ ላይ ካሳ ተሰማ ከነክራሩ አለ። ከእሱ ቀጥሎ የኒጀር በረሃ ጊታር፣ ከዚያ ጃኖ ባንድ፣ ከዚያ የሞቃዲሾ ዳንስ ሙዚቃ፣ ከዚያ የእማሆይ ጽጌማርያም ፒያኖ። አንዷ የሥራ ባልደረባዬ ዝርዝሩን ወደ ታች እየጎተተች አይታ «ይሄ ያንተ ብቻ ነው ወይስ የቀበሌው?» ብላኛለች። ከውጭ ለሚያየው ዝብርቅርቅ ነው። እኔ ግን ማን ወደ ማን እንደመራኝ አንድ በአንድ አውቀዋለሁ።

ድሮ ዩቲዩብ ያቀረበልኝን ነበር የምሰማው። ዩቲዩብ ደግሞ ትናንት የወደድከውን ነው ዛሬ መልሶ የሚያመጣልህ። አንድ ቀን ሆድ ብሶህ ትዝታ ከከፈትክ አለቀልህ፤ ሳምንቱን ሙሉ ሲያስለቅስህ ይከርማል። በዚህ መንገድ የምትወደውን ዘፋኝ ያልሰማኸውን ዘፈን ታገኝ ይሆናል። የማታውቀውን ባንድ ማግኘት ግን ከባድ ነው።

መንገዱን ያሳየኝ የካሴት ሽፋን ነው። እናቴ ቤት አልጋ ሥር አንድ ካርቶን ሙሉ ካሴት አለ። ቴፑ ከተበላሸ ቆይቷል። ክሩም ግማሹ ተጨማዷል። ሽፋኑ ግን ይነበባል። ከፊት የዘፋኙ ፎቶ ነው፣ ያው አፍሮና ሰፊ ኮሌታ። ወረቀቱን ስትዘረጋው ውስጡ በደቃቃ ፊደል ግጥም የእገሌ፣ ዜማ የእገሌ፣ ቅንብር የእገሌ ይላል። ከሥሩ ያጀበው ባንድ ስም አለ። አንድ እሁድ ሁሉንም ወለል ላይ ዘርግቼ ያቺን መስመር ብቻ ሳነብ ዋልኩ። ዘፋኞቹ ብዙ ናቸው። ባንዶቹ ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፦ ሮሃ፣ ዋልያስ፣ ኢትዮ ስታርስ፣ ዳህላክ። ሮሃ ባንድማ የሌለበት ሽፋን ጥቂት ነው። እናቴ በር ላይ ቆማ «ልትሸጠው ነው እንዴ?» አለችኝ። «አይ እማዬ፣ እያነበብኩ ነው» ስላት ራሷን ነቅንቃ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ዘፋኝ ሳይሆን ባንድ ነው የምፈልገው። ማህሙድ አህመድ በ1975 የሠራውን «ኧረ መላ መላ» እንውሰድ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ድጋሚ የታተሙት አልበሞች ላይ ያለው እሱ ነው።) ያጀበው አይቤክስ ባንድ ነው፤ በኋላ ሮሃ የሆነው ማለት ነው። ቤዙ ጆቫኒ ሪኮ ነው፣ ጊታሩ ሰላም ስዩም። ማህሙድን ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። ጆቫኒ ሪኮን የሰማሁት ግን ስሙን ካነበብኩ በኋላ ነው። እስቲ ሞክሩት። ደህና ኤርፎን አድርጉ፤ ማህሙድን ለጊዜው ይቅርታ ጠይቁትና ቤዙን ብቻ ተከተሉ። አይቸኩልም፣ አይጮህም። ያችኑ ሐረግ እየደጋገመ ዘፈኑን በሙሉ ያዞረዋል። በሚቀጥለው ዙር ድራሙን ብቻ፣ ከዚያ ጊታሩን ብቻ። አንድ ዘፈን ውስጥ ለካ ብዙ ሰው አለ።

ካሴት የሌላችሁ አትቸገሩም። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያዘጋጀው ኢትዮፒክስ የሚባለው ተከታታይ ሲዲ ከያንዳንዱ ጋር ቡክሌት አለው፤ እዚያ ውስጥ ማን ምን እንደተጫወተ ታገኛላችሁ። ዲስኮግስ የሚባለው ድረ ገጽም አለ። የተጫዋቹን ስም ስትነኩት የተሳተፈባቸውን አልበሞች ይዘረግፍላችኋል። እንቅልፍ ካላችሁ ማታ አትክፈቱት።

ሁለተኛ የተከተልኩት ዋልያስን ነው። በ1970ዎቹ የአዲስ አበባ ሂልተን ባንድ ነበሩ። በ1977 «ቼ በለው» የሚል የመሣሪያ ሙዚቃ አልበም አወጡ። ኦርጋኑ ኃይሉ መርጊያ ነው። ባንዱ በ1981 አሜሪካ ለሥራ ሄደ፤ ከፊሉ ተመለሰ፣ ከፊሉ እዚያው ቀረ። ኃይሉ ከቀሩት አንዱ ነው። በ1985 ለብቻው በአኮርዲዮንና በኪቦርድ አንድ ካሴት ሠራ። ከዚያ በኋላ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ሲነዳ ኖረ። እዚያው ደለስ (Dulles) ኤርፖርት ተሳፋሪ እስኪመጣ ከመኪናው ኋላ ኪቦርዱን አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ታዲያ ብሪያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ ያንን ካሴት ባህር ዳር አገኘው። ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ በሚባለው አሳታሚው በኩል በ2013 ድጋሚ አወጣው። ኃይሉም እንደገና መድረክ ላይ ወጣ፤ በ2018 «ላላ በሉ»ን ይዞ መጣ።

ባህር ዳር ስንቴ ሄጃለሁ። ዓሣ በልቼ፣ ጀልባ ተሳፍሬ ነው የተመለስኩት።

ቅናቱ ሲያልፍልኝ አንድ ነገር ገባኝ። ይህን ካሴት ለይቶ ያነሳ ሰው ጆሮ አለው። ጆሮ ካለው ደግሞ ሌላም ያነሳው ነገር ይኖራል። የአሳታሚውን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች ሰማሁት። ግማሹ ለኔ አልሆነም። ዱር ዱር ባንድ ግን እዚያ ነው ያገኘሁት፤ በ1980ዎቹ ሞቃዲሾን ሲያስጨፍር የነበረ ባንድ ነው። ቀረጻው ሻካራ ነው፣ ክሩ ሲያረጅ የሚመጣው ድምፅ አለበት። ያም ሆኖ ቁጭ ብለህ አትሰማውም።

ከሶማሊያ ሙዚቃ ኦስቲናቶ ሪከርድስ ወደሚባል ሌላ አሳታሚ ተሻገርኩ። በ2017 ያወጡት የሶማሊኛ ስብስብ ከሙዚቃው እኩል ታሪኩ ይይዛል። በ1988 ሐርጌሳ በአውሮፕላን ከመደብደቧ በፊት የሬዲዮ ሰዎች ካሴቶቹን መሬት ውስጥ ቀብረው፣ ወደ ጎረቤት አገር አሽሽተው ነው ያተረፏቸው። እነዚሁ አሳታሚዎች በ2022 ደግሞ ኑሪና ዶርፓ ባንድን አመጡ። ኑሪ የፖርት ሱዳን ሰው ነው፣ ከቤጃ ሕዝብ። ከወደቀ ዕቃ መሃል ያገኘውን የጊታር አንገት ከአባቱ ካገኘው ታምቡር ጋር አያይዞ የራሱን መሣሪያ ሠራ። ታምቡር የኛ ክራር ዘመድ ነው።

ይህን ለአጎቴ ከፈትኩለት። አጎቴ በወጣትነቱ ካርቱም ኖሯል፤ የሱዳኑ ዘፋኝ መሐመድ ዋርዲ ሲባል ዓይኑ ያበራል። የመጀመሪያውን ዘፈን ፀጥ ብሎ ሰማ። ከዚያ ሲኒውን አስቀምጦ «አንተ፣ ይሄ የኛ ነው የነሱ?» አለኝ። «የፖርት ሱዳን ነው ጋሼ።» «ታዲያ ትከሻዬ ለምን ይነሳል?» አለና ሳቀ። አምስቱ ድምፅ ድንበር አያውቅም፤ ሱዳኑም እኛም በአምስት ድምፅ ነው የምንዘፍነው። የማያውቁትን ሙዚቃ ለማሰማት ከሚያውቁት አጠገብ ካለው መጀመር እንደሚሻል ያን ቀን አየሁ። ለአጎቴ በቀጥታ ፓንክ፣ ያንን ጯሂ የሮክ ዓይነት፣ ብከፍትለት ኖሮ ቡናውን ትቶ ይሄድ ነበር።

ፓንክ ካልኩ አይቀር፦ ጌታቸው መኩሪያ። ሽለላና ፉከራን ወደ ሳክስፎን ያመጣ ሰው ነው። ዘ ኤክስ የሚባሉ፣ በ1979 አምስተርዳም የተመሠረቱ የሆላንድ ፓንኮች አዲስ አበባ ድረስ መጥተው ተጫውተዋል። በ2004 ጌታቸው እነሱ ዘንድ ሄዶ ከሰማቸው በኋላ አጃቢ ባንዱ እንዲሆኑ ጠየቃቸው። በ2006 «ሞዓ አንበሳ» ወጣ። የመጀመሪያ ቀን ስሰማው ጆሮዬን ወጋኝ። ጊታሩ ቆርቆሮ እየተቀደደ ነው የሚመስለው። ጌታቸው ግን ከዚያ ሁሉ ጩኸት በላይ ቆሞ ይፎክራል፤ ለፉከራ ከዚህ የተሻለ አጃቢ ከየት ይመጣል? ዛሬም ጠዋት ጠዋት አልሰማውም። ቦሌ መንገድ ተዘጋግቶ ስናደድ ግን መድኃኒቴ ነው። በእሱ ምክንያት ነው ሌሎች ፓንኮችንም መስማት የቻልኩት።

የኒጀሩ ጊታር ታሪክ ለኛ ቅርብ ነው። ስማርትፎን ሳይስፋፋ በፊት ሙዚቃ ቤት ሄደን ሚሞሪ እናስጭን አልነበር? «ሁለት ጊጋ ቅልቅል አድርግልኝ» እያልን። በሰሃራም እንደዚያው ነበር። የኒጀሩ ጊታሪስት ምዱ ሞክታር የመጀመሪያ ጊታሩን ራሱ ነው የሠራው፤ ክሩ የሳይክል ፍሬን ሽቦ ነበር። ያስቀረጻቸው ዘፈኖች ከስልክ ወደ ስልክ፣ በሚሞሪና በብሉቱዝ አገር ላገር ተዳረሱ። ሳሄል ሳውንድስ የሚባለው አሳታሚ እነዚህን የስልክ ሙዚቃዎች ሰብስቦ ባያሳትም ኖሮ እኔ ጋ አይደርስም ነበር። ከእሱ ወደ ማሊዎቹ ቲናሪወን ሄድኩ።

ሁሉም ነገር ስልክ ላይ አይገኝም። ካዛንቺስ ሳይፈርስ ፈንድቃ የባህል ማዕከል የማታ የማታ ጥሩ ትምህርት ቤት ነበር። ዳንሰኛው መላኩ በላይ ትከሻውን ሲያወርደው ሙዚቃው ከትከሻው የሚወጣ ነው የሚመስለው። መድረክ ያለበት ቤት ስሄድ አንድ ልማድ አለኝ። እረፍት ሲያደርጉ ቤዝ ተጫዋቹን ወይም ድራመሩን ጠጋ ብዬ «ሌላ የት ነው የምትጫወተው?» እለዋለሁ። ዘፋኙን ሁሉም ከቦታል፤ ቤዝ ተጫዋቹን ማንም አያናግረውም፣ ደስ ብሎት ነው የሚነግርህ። አዲስ አበባ ውስጥ ያው ሰው በሳምንቱ መሃል ጃዝ፣ ቅዳሜ ሠርግ፣ ሌላ ቀን የራሱን ሙከራ ይጫወታል። ገና አልበም የሌላቸውን ባንዶች የማገኘው በዚህ ነው። የአገር ውስጥ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ለሚፈልግ «እንደገና ሙሉ» እና «ሚካኤል ሰይፉ» የሚባሉትን ሙዚቀኞች ጠቁሜ ልለፍ፤ እነሱ የራሳቸው ጽሑፍ ይገባቸዋል።

ማካፈሉ ከማግኘቱ ይከብዳል። የጓደኞቼ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ሊንክ ስደረድር ከረምኩ። አውራ ጣት ይመጣል፣ የሰማ ግን የለም። አሁን በግሩፕ አልልክም። ለአንድ ሰው አንድ ዘፈን እልካለሁ፤ ለምን ለእሱ እንደመረጥኩትም እጽፋለሁ። «ድራም ስለምትወድ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ያለውን ስማው» ስለው ቢያንስ እስከዚያ ይደርሳል። «ሰማኸው?» ብዬ ግን አልነዘንዝም። ወዳጅነት ፈተና አይደለም። ካልወደደውም አልከራከርም፤ በክርክር ሙዚቃ የወደደ ሰው አላየሁም።

ለእናቴ የእማሆይን ፒያኖ ነው የመረጥኩት። ኢየሩሳሌም ገዳም ውስጥ ኖረው በ2023 እንዳረፉ ነገርኳት። ምስር እየለቀመች ሰማች። ሲያልቅ «የቤተ ክርስቲያን ይመስላል፣ ደግሞ አይመስልም» አለች። ስለ እማሆይ ብዙ አንብቤያለሁ፤ ከዚህ የተሻለ አልገጠመኝም። እንደወደደችው የገባኝ «ድገመው» ስትለኝ ነው።

መስጠት ብቻም አይደለም። የሰጡህንም መስማት አለብህ፣ ለዚያውም እስከ መጨረሻው። በቅርቡ ራይድ ተሳፍሬ ሾፌሩን «ጋሼ፣ ብሉቱዝ አለው?» አልኳቸው። «አለው፣ ግን እንዳታደነቁረኝ» አሉ። ቲናሪወንን ከፈትኩ። መገናኛ እስክንደርስ አልተናገሩም። ከዚያ «ሰውየው ግመል ላይ ተቀምጦ ነው እንዴ የሚጫወተው?» አሉኝ። የድሬዳዋ ልጅ ናቸው። ስለ ዓሊ ቢራና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ድሬዳዋ ላይ ስለተነሳው የኦሮምኛ ሙዚቃ ቡድን አፍራን ቀሎ ሲያወሩኝ መውረጃዬን አልፈን ነበር። ስልክ ተለዋወጥን። በሳምንቱ ፍላሽ አመጡልኝ፤ ከድሮ ካሴት የተገለበጠ የኦሮምኛ ሙዚቃ ሞልቶበታል።

ችግሩ ፍላሹ ላይ ስም የለም። ትራክ አንድ፣ ትራክ ሁለት ነው የሚለው። ሰባተኛው ላይ አኮርዲዮን የሚጫወት ሰው አለ፤ በመሃል ከዘፋኙ ዜማውን ነጥቆ ብቻውን ይሄዳል። ዲስኮግስ አያውቀውም። ሾፌሩም «ድምፁን አውቀዋለሁ፣ ስሙ ነው የጠፋብኝ» እያሉ ነው። ለፋሲካ ድሬዳዋ ሲሄዱ ታላቅ ወንድማቸውን ሊጠይቁልኝ ቃል ገብተዋል። የኑሪንም ሙዚቃ በዚያው ፍላሽ ጭኜ ሰጥቻቸዋለሁ፣ መንገድ ላይ እንዲሰሙት።