ለምረቃዬ ልሂድ ወይስ ልቅር

የትምህርቴ ጉዳይ አልቋል። የመጨረሻው ውጤት ገብቷል፣ ዲፓርትመንቱ አጽድቆ ለሬጅስትራር አስተላልፏል፣ ስሜም ከተመራቂዎች ዝርዝር ውስጥ አለ። የቀረኝ አንድ ነገር ነው፤ በምረቃው ሥነ ሥርዓት ላይ መገኘት አለመገኘቴን ማሳወቅ። ቅጹ አጭር ነው። «እገኛለሁ» ወይም «አልገኝም» ከሚሉት አንዱ ላይ ምልክት ማድረግ፣ ከዚያ የጋውን ልክ፣ ከዚያ የተጋባዥ ስም፣ በቃ። ከፍቼ አየዋለሁ፣ መልሼ እዘጋዋለሁ። የመሙያው ጊዜ ሊያልፍ ስለሆነ ዛሬ ቁጭ ብዬ ሐሳቤን በጽሑፍ ልለየው አልኩ።

መጀመሪያ ደንቡን ላስቀምጥ። ባልሄድም ዲግሪዬን የሚነካው ነገር የለም። ዲግሪ የሚሰጠው የዩኒቨርሲቲው ሴኔት ሲያጸድቀው ነው፤ መድረክ ላይ የወጣም ቤቱ የቀረም ያው እኩል ተመራቂ ነው፣ ወረቀቱም በኋላ ይደርሰዋል። እንዲያውም ብዙ ቦታ መድረክ ላይ የሚታደለው ማኅደር ባዶ ነው። ፎቶ ላይ በሁለት እጅ ታቅፎ የሚታየው ያ የሚያምር ሽፋን ቢከፈት ውስጡ ምንም የለም፣ ካለም የእንኳን ደስ አላችሁ ደብዳቤ ነው። ትክክለኛው ዲፕሎማ የሚወጣው ክሊራንሱ፣ ማለትም ከዕዳና ከንብረት ነጻ መሆን የሚረጋገጥበት ሒደት አልቆ፣ ሬጅስትራር ሁሉን አይቶ ከጨረሰ በኋላ ነው። ይህን ስሰማ ወዲያው የታየኝ መቅረት ነበር። የራሴ ስም ለጥቂት ሰከንድ እስኪጠራ ድረስ የማላውቃቸውን የመቶዎች ስም እየሰሙ ግማሽ ቀን መቀመጥ፣ ባዶ ማኅደር ተቀብሎ መውረድ፣ እንደገና መቀመጥ። በሒሳብ ካሰቡት አያዋጣም።

ይሁን እንጂ ያመነታሁት በዚህ አይደለም። ያመነታሁት የባቼ ልጆች አብረውኝ ስለማይቆሙ ነው።

የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ታመምኩና ዊዝድሮዋል፣ ማለትም ትምህርት ለጊዜው ማቋረጫ ቅጽ ሞላሁ። ድኜ ስመለስ አብሬያቸው የገባኋቸው ልጆች ቀድመውኝ ሄደዋል፤ ከታች ከመጣው ባች ጋር ተቀላቀልኩ። አዲሶቹ ክፉ አልነበሩም። የግሩፕ ሥራ ላይ ያስገቡኛል፣ ኖት ያውሱኛል፣ ስቀር ለምን ቀረሽ ይሉኛል። ግን ጓደኝነታቸው እኔ ሳልመጣ የተሠራ ነው። የአንደኛ ዓመት ትዝታቸውን አንስተው ሲሳሳቁ እኔ ፈገግ ብዬ ወሬው እስኪያልቅ እጠብቃለሁ።

የቀድሞው ባቼ ሲመረቅ በተጋባዥነት ሄጄ ነበር። ከላይኛው መቀመጫ ሆኜ የእያንዳንዳቸው ስም ሲጠራ አጨብጭቤያለሁ፤ ደስታዬ ከልቤ ነበር። የሚጠሩት በፊደል ተራ ስለሆነ የእኔ ስም የሚገባበት ቦታ ሲደርስ አወቅሁት። ከእኔ ቀድማ የምትጠራው ልጅ ጓደኛዬ ናት፤ ስማችን ስለሚከታተል ከመጀመሪያው ፈተና ጀምሮ ጎን ለጎን ነበር የምንቀመጠው። እሷ ተጠራች። ቀጥሎ ከእኔ በኋላ የነበረው ልጅ ተጠራ። በመካከላቸው አንባቢው ትንፋሽ እንኳ አልወሰደም። ማንም ምንም ጎደለ አላለም፣ ሊልም አይችልም። እዚያ አዳራሽ ውስጥ የእኔን ቦታ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ታዲያ አሁን የማላውቃቸው ልጆች መካከል ቆሜ የምመረቀው ምን ለማግኘት ነው? ቆብ ወደ ላይ ሲወረወር የማንን ትከሻ ልይዝ ነው? ይህ ጥያቄ ነው ቅጹን የሚያስዘጋኝ።

ሰው ሁሉ «ምረቃ እኮ ለወላጅ ነው» ይላል። አንዱን የዲፓርትመንታችንን ልጅ ባማክረው፣ «እኔ ብሆን አልሄድም ነበር፣ ለእናቴ ስል ነው» አለኝ። ብዙዎቻችን እንዲህ ነው የምንለው። እኔም ይህችኑ ምክንያት ይዤ ለእማዬ ደወልኩላት።

«እማዬ፣ ምረቃው ላይ እንድሄድ ትፈልጊያለሽ?»

«አንቺስ?»

«እኔ እንጃ። አንቺን ደስ የሚልሽ ከሆነ እሄዳለሁ።»

ትንሽ ዝም አለች። «እኔ የምደሰተውን ተደስቼ ጨርሻለሁ ልጄ» አለችኝ። «ከአልጋ ተነስተሽ ቦርሳሽን አንግተሽ የወጣሽ ዕለት ነው የእኔ ደስታ። ለእኔ ብለሽ እንዳትለፊ። ለራስሽ ከሆነ ግን ቀደም ብለሽ ንገሪኝ፣ ቀሚሴን ላሰናዳ።»

ከዚያ ስልክ በኋላ የምደገፍበት ምክንያት አልቀረልኝም። ለእናቴ ስል ብዬ ብሄድ ኖሮ፣ እፈልጋለሁ ሳልል መሄድ ይቻለኝ ነበር። አሁን ጥያቄው ራቁቱን ቀረ፤ እኔ ራሴ እፈልጋለሁ ወይ? ለመፈለግስ ለምን አፈርኩ? ሰው በአደባባይ መታየትን ሲመኝ ከንቱ ውዳሴ የፈለገ ይመስለዋል። ስለዚህ ምኞቱን በእናቱ ስም ያስመዘግባል።

የምረቃን ታሪክ ማገላበጥ የጀመርኩት በዚህ ምክንያት ነው፤ ነገሩ ከመነሻው ለማን እንደተሠራ ማወቅ ፈለግሁ። በመካከለኛው ዘመን በጣሊያን በቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ ተማሪው ሁለት ፈተና ነበረበት። አንደኛው በመምህራን ፊት በዝግ የሚሰጥ ነው፤ እውቀቱ በእርግጥ የሚመዘነው እዚያ ነበር። ሁለተኛው በካቴድራሉ ውስጥ በሕዝብ ፊት ይካሄዳል። ተመራቂው ንግግር ያደርጋል፣ ለሚነሳበት ክርክር መልስ ይሰጣል፣ ከዚያ በመምህር ወንበር ላይ ያስቀምጡታል። የተከፈተ መጽሐፍ በእጁ ይሰጡታል፣ የወርቅ ቀለበት ያጠልቁለታል፣ ቆብ ይደፉለታል። ዶክተር የሚባለው ይህን ሲያልፍ ነው። ሥነ ሥርዓቱ ብዙ ወጪ ስለነበረው አንደኛውን ፈተና አልፈው ሁለተኛውን ማድረግ ሳይችሉ የሚቀሩ ነበሩ። ወጪው ልክ እያጣ ሲሄድም እ.ኤ.አ. ከ1311 እስከ 1312 በፈረንሳይ ቪየን የተቀመጠው የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ጣሪያ አበጀለት። የምረቃ ወጪ በዛ የሚለው እሮሮ ይህን ያህል ዕድሜ አለው።

እኔን የያዘኝ ግን ሌላው ነው። እውቀቱ በዝግ ቤት ተመዝኖ አልቋል። ታዲያ ሰዎቹ ለምን እንደገና በአደባባይ አደረጉት? መምህራኑ የሚያውቁትን ነገር ከተማው እንዲያውቀው ይመስለኛል። በዝግ የተረጋገጠ ነገር የሚያውቁት እዚያ የነበሩት ብቻ ናቸው፤ በሰው ፊት ሲሆን ግን የሁሉ ይሆናል፣ ባለቤቱም የነበረበትን ቦታ ትቶ ወደ አዲሱ ሲሻገር ያዩት ሰዎች ይኖሩታል።

ከዚያ ወደ እንግሊዙ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ተሻገርኩ፤ ያመሸሁትም እዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1890 ፊሊፓ ፋውሴት የምትባል ተማሪ የሒሳብን ፈተና ወሰደች። ያን ጊዜ ውጤቱ የዩኒቨርሲቲው ሥነ ሥርዓት በሚካሄድበት አዳራሽ በሴኔት ሐውስ ውስጥ ጮክ ተብሎ በስም ይነበባል፤ የሴቶቹ ከወንዶቹ በኋላ ለብቻው ነው። የእሷ ስም ሲደርስ ከወንዶቹ አንደኛ ከወጣው በላይ መሆኗ ተነበበ፤ አዳራሹ በሆታ ተናጋ። ዲግሪ ግን አልተሰጣትም። ሴቶች ይማሩ ነበር፣ ይፈተኑ ነበር፣ ያልፉ ነበር፤ ዲግሪ ግን አይሰጣቸውም። እ.ኤ.አ. በ1897 ይሰጣቸው ወይስ አይሰጣቸው ተብሎ ለድምፅ ሲቀርብ፣ ተቃዋሚዎቹ ብስክሌት ላይ የተቀመጠች ሴት ምስል ሠርተው ከመንገዱ በላይ ሰቀሉ። ሐሳቡም በድምፅ ብልጫ ወደቀ። ካምብሪጅ ለሴቶች ሙሉ ዲግሪ መስጠት የፈቀደው በ1948 ነው። ፋውሴት የሞተችውም በዚያው ዓመት ነው።

በመሀል የአየርላንዷ ደብሊን አለች። እ.ኤ.አ. ከ1904 እስከ 1907 ባለው ጊዜ የደብሊኑ ትሪኒቲ ኮሌጅ በኦክስፎርድና በካምብሪጅ ተምረው ዲግሪ ለተከለከሉ ሴቶች የራሱን ዲግሪ ይሰጥ ነበር። ወደ 700 የሚጠጉ ሴቶች በእንፋሎት መርከብ ባሕር ተሻግረው ሄዱ። ጋውን ለብሰው፣ ዲግሪያቸውን ተቀብለው ተመለሱ። በታሪክም «የእንፋሎት መርከብ ሴቶች» ተብለው ቀሩ። እርግጥ ወረቀቱም ለሥራቸው ያስፈልጋቸው ነበር፤ ብዙዎቹ አስተማሪዎች ስለነበሩ ያለ ዲግሪ እድገቱ ከባድ ነው። ስለዚህ ለሥነ ሥርዓቱ ብለው ሄዱ ማለት አልችልም።

ለእኔ ጥያቄ መልስ ያለው ከዚያ በኋላ በመጣው ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ካምብሪጅ ከ1948 በፊት ለተማሩት ሴቶች በሴኔት ሐውስ ልዩ ሥነ ሥርዓት አዘጋጀ፤ ወደ 900 የሚሆኑ መጡ። ሁሉም አሮጊቶች ናቸው። ከመካከላቸው ትንሿ እንኳ ሰባ ዓመት ገደማ ናት። ሥራ ሠርተው ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፣ ከዚያ በኋላ ማንም ቀጣሪ ዲግሪሽን አምጪ አይላቸውም። ወረቀቱ ለምንም አይጠቅማቸውም ነበር። እነሱ ግን ጋውን ለብሰው፣ ተሰልፈው፣ በእነዚያ መንገዶች አለፉ። ይህን ሳነብ አለቀስኩ። ሃምሳ ዓመትና ከዚያም በላይ አልፎ፣ ዕድሜ ልክ «ውጤቴን እኔ አውቀዋለሁ» እያሉ ኖረው እንኳ፣ ሲጠሩ መጡ። እነዚህን ሴቶች ከንቱ ውዳሴ ፈላጊዎች ናቸው የሚል ሰው አለ? እኔ አልልም። እነሱን ካላልኩ ደግሞ ራሴን ለምን እላለሁ?

ይህን ስል ሁሉም ይሂድ ማለቴ አይደለም። ሕዝብ መሀል መቀመጥ የሚያስጨንቀው ሰው አለ፤ ያን ቀን በመንቀጥቀጥ ማሳለፍ የለበትም። ሥራ አግኝቶ ሩቅ የሄደ፣ ለጉዞና ለጋውን ኪራይ ብሎ ብድር የሚገባ፣ በዲፓርትመንቱ ተበድሎ የበደሉትን ሰዎች መድረክ ላይ ማየት የማይፈልግ፣ እነዚህ ሁሉ ቢቀሩ ልክ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮቪድ ምክንያት ሥነ ሥርዓቱ ተሰርዞባቸው ወይም ስክሪን ላይ ሆኖባቸው የተመረቁ በዓለም ዙሪያ ብዙ ናቸው፤ ሐኪሞቻቸውና መሐንዲሶቻቸው ከማንም አያንሱም። አንድ የማከብረው ሰው አልሄደም ነበር፤ ያን ቀን ቤቱ ተኝቶ ዋለ፣ አንድም ቀን ቆጭቶኝ አያውቅም ይላል፣ አምነዋለሁ። እሱ ግን የፈለገው መተኛት ነበር። እኔ ብቀር የምቀረው ሰግቼ ነው፤ ብቻዬን ሆኜ እንዳልታይ ሰግቼ። በዚህ ምክንያት መቅረት አልፈልግም።

ደግሞም አዲሶቹን ልጆች እንግዶች እያልኩ ስጽፍ ቆየሁ እንጂ ነገሩን ሳስበው እንደዚያ አይደለም። ላብራቶሪ ውስጥ ማሽኑ ሲበላሽ አብረውኝ ያመሹት እነሱ ናቸው። ዲፌንስ ላይ፣ የመመረቂያ ሥራዬን በመምህራን ፊት ሳቀርብ፣ ድምፄ ሲንቀጠቀጥ ከኋላ ወንበር አውራ ጣቷን ወደ ላይ ያደረገችልኝ ልጅ ከእነሱ አንዷ ናት። የአንደኛ ዓመት ትዝታ የለንም፤ የመጨረሻው ዓመት ግን አለን፤ እሱም ከሁሉ የከበደው ነው።

ማታ ላይ የዶርም ጓደኛዬን ሜትር ይዘሽ ነይ አልኳት። ቅጹ ቁመትና የጭንቅላት ዙሪያ ይጠይቃል፤ ቆቡ ጠፍጣፋ ስለሆነ ልኩ ካልሆነ ወይ ግንባር ላይ ይወርዳል ወይ ሲያጎነብሱ ይወድቃል። ሜትሩን ከቅንድቤ ከፍ አድርጋ በጆሮዬ ላይ አዞረችው፣ ጸጉሬን በጣቷ ጫን አለችና ቁጥሩን ነገረችኝ። «ጸጉርሽን ተሠርተሽ ከሆነ የምትሄጂው ትንሽ ጨምሪበት» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ጨመርኩበት።

ከሥር ደግሞ ስማችሁ እንዴት እንደሚነበብ ጻፉ የሚል ቦታ አለ። ስሜ ውስጥ አንድ የሚጠብቅ ፊደል አለ፤ ሳይጠብቅ ከተነበበ የሌላ ሰው ስም ይመስላል። የታመምኩ ጊዜ ካርድ ክፍል ሁልጊዜ አላልተው ነበር የሚጠሩኝ፤ ለማረም አቅም አልነበረኝም፣ አቤት ብዬ እነሳ ነበር። አሁን ግን «ሁለተኛው ፊደል ጠብቆ ይነበብ» ብዬ ግልጽ አድርጌ ጻፍኩ። አንባቢው እንዳይስት ከሥሩ አሰመርኩበት።

«እገኛለሁ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ ላክሁት።

ለእማዬ ነግሬያታለሁ። ቀሚሱን ነገ ለልብስ ሰፊ ትሰጣለች። ለእያንዳንዱ ተመራቂ የሚፈቀደው ሁለት መጥሪያ ነው፤ አንዱ የእሷ ነው። ሁለተኛው ላይ ከእኔ ቀድማ የምትጠራውን ጓደኛዬን ስም አስመዝግቤያለሁ፤ ሆስፒታል ድረስ እየመጣች የክፍሉን ኖት በእጇ ገልብጣ ትሰጠኝ የነበረች እሷ ናት። አሁን ሥራ ይዛለች፣ ፈቃድ መጠየቅ ይኖርባታል። ሳይመሽ ልደውልላት።