የ.338 ርግጫ፣ ሳይለንሰሩ እና አንድ ሰከንድ ተኩል

ከ.338 ላፑዋ ማግነም ጠመንጃ የወጣ አረር 1000 ሜትር ላይ የቆመ የብረት ዒላማ ለመድረስ አንድ ሰከንድ ተኩል አካባቢ ይፈጅበታል። በዚያች ጊዜ ውስጥ ጠመንጃው ተራግጦ ወደ ቦታው ካልተመለሰና የተኳሹ ዓይን የማነጣጠሪያ መነጽሩ ውስጥ ካልቆየ፣ አረሩ የት እንዳረፈ የሚነግረው ሌላ ሰው ነው። ብቻውን ከሆነ ደግሞ ቀጣዩ ጥይት ግምት ነው። ሳይለንሰር የሚገዛው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ድምፅ እያሰበ ነው። በዚህ መጠን ጠመንጃ ላይ ግን ገንዘቡን የሚመልሰው ያችን ሰከንድ ተኩል ስለሚሰጥ ነው ባይ ነኝ።

ነገሩን በቁጥር እንየው። 300 ግሬን አረር 19.4 ግራም ይመዝናል፤ ከአፈሙዙ የሚወጣው በሰከንድ 820 ሜትር ገደማ ነው። ከኋላው 6 ግራም ያህል ባሩድ ጋዝ ሆኖ ይከተለዋል። ጋዙ ከአረሩ ይፈጥናል፤ ለስሌት በሰከንድ 1400 ሜትር እንያዘው። ክብደቱን በፍጥነቱ ስናባዛ የአረሩ ድርሻ 16፣ የጋዙ 8.4 ይሆናል። ትከሻ ላይ ከሚያርፈው ግፊት ሲሶው የጭሱ ነው ማለት ነው። አረሩን ዒላማ ላይ ስለምንፈልገው አንነካውም። የአፈሙዝ ፍሬንም (ጋዙን ወደ ጎን የሚያዞር ጫፍ ላይ የሚገጠም ብረት) ሆነ ሳይለንሰር የሚሠሩት በዚያች ሲሶ ላይ ነው።

7 ኪሎ በሚመዝን ጠመንጃ ይህ ወደ 42 ጁል ርግጫ ይሆናል። ለማነጻጸር፣ 5.5 ኪሎ የሆነ .308 ጠመንጃ 15 ጁል አካባቢ ነው። ያንኑ .338 ወደ 5.5 ኪሎ ካቀለላችሁት 54 ይደርሳል፤ ለተራራ አደን ብለው ቀላል ማግነም የሚገዙ ሰዎች ሁለተኛ ሳጥን ጥይት የማይገዙት ለዚህ ነው። 600 ግራም ሳይለንሰር ገጥመን የጋዙን ግፊት በግማሽ ቢቀንስልን፣ የተጨመረው ክብደትም ተደምሮ ርግጫው ወደ 27 ጁል ይወርዳል። ጋዙን ወደ ጎን የሚያዞር ጥሩ የአፈሙዝ ፍሬን ከዚህም ይበልጣል፤ የጋዙን ድርሻ ሙሉ በሙሉ ቢያጠፋው 18 ጁል አካባቢ ይቀራል።

እንግዲህ በርግጫ ብቻ ከተወዳደሩ ፍሬኑ ያሸንፋል። ዋጋውም የሳይለንሰሩ ሩብ አይሆንም። ግን ከፍሬን ጎን ተኝቶ የሚያውቅ ሰው ሌላውን ወገን ያውቀዋል፦ ጋዙ ወደ ጎንና ወደ ኋላ ስለሚመለስ ተኳሹም ጎረቤቱም ፊታቸውን በጥፊ እንደተመቱ ይሆናሉ፤ ደረቅ መሬት ላይ አቧራው ተነሥቶ መነጽሩን ይጋርደዋል፤ አረሩን ለማየት የተቆጠበችው ሰከንድ ተኩል በአቧራ ትበላለች። ከሃያ ጥይት በኋላ የሚመጣው ራስ ምታትም ከትከሻ ሳይሆን ከዚህ ፍንዳታ ነው። በሳይለንሰር ግፊቱ ረዘም ባለ ጊዜ ላይ ይበተናል፤ ከመምታት ይልቅ መግፋት ይመስላል። ለአደንም ለብረት ዒላማም እኔ የምመርጠው ሳይለንሰሩን ነው። ኮንክሪት መደብ ላይ ተኝቶ ብቻውን የሚወዳደር ሰው ፍሬን ቢመርጥ አልከራከረውም።

ስለ ድምፁ አጭር ነገር፦ ያለ ማፈኛ .338 ከ170 ዴሲቤል በላይ ይጮኻል። ጥሩ ሳይለንሰር 30 ያህል ቢቀንስለት እንኳ ለድንገተኛ ድምፅ እንደ ጣሪያ ከሚቆጠረው 140 አጠገብ ነው የሚቆመው። አረሩ ከድምፅ ፍጥነት በላይ ስለሚሄድ የራሱን ስንጥቅ ድምፅ አየር ላይ ይጥላል፤ ያንን አፈሙዝ ላይ የተገጠመ ምንም ነገር አያፍነውም። የጆሮ መከላከያ አይወልቅም። ፊልም ላይ የምንሰማው ‘ፒው’ ከዚህ ጋር ዝምድና የለውም።

ሕጉን ለሚጠይቁ፣ ይህ ጽሑፍ አሜሪካ ውስጥ በሕጋዊ መንገድ ለሚተኩሱ ነው። ሳይለንሰር እ.ኤ.አ. ከ1934 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ ይመዘገባል። 200 ዶላር የነበረው ግብር ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ዜሮ ሆኗል፤ ምዝገባው፣ አሻራውና ፎቶው ግን አልቀረም፤ የኤቲኤፍ (የጦር መሣሪያን የሚቆጣጠረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት) ፈቃድ ሳይመጣ ዕቃውን ከሻጩ መረከብ አይቻልም። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ይፈቅዳሉ፤ በመካከላቸው ያለችው ዋሽንግተን ዲሲ ትከለክላለች። ስለዚህ ቨርጂኒያ ውስጥ አርሊንግተን ያለ ሰው ዲሲ ላለ ወንድሙ ‘እስኪ ያዝልኝ’ ብሎ አያስቀምጥም። ያለ ኤክስፖርት ፈቃድ ከአሜሪካ ይዞ መውጣት ደግሞ ከባድ ወንጀል ነው። አገር ቤት የጦር መሣሪያ የሚተዳደረው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነውና የዚህ አገር ልማድ እዚያ አይሠራም።

አሁን ወደ ብረቱ። ሳይለንሰር የሚያበላሹ ሰዎች አብዛኞቹ የሚያበላሹት ሲገጥሙ ነው። አረሩ ሳይለንሰሩ ውስጥ በተደረደሩት ባፍሎች (ጋዙን የሚያግዱ ግድግዳዎች) ቀዳዳ በኩል ሲያልፍ በዙሪያው የሚቀረው ክፍተት ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ሳይለንሰሩ ትንሽ ካዘነበለ አረሩ መጨረሻው ላይ ብረት ይነካል፤ ቢቀል አረሩ ዒላማውን ይስታል፣ ቢከፋ ሳይለንሰሩ ተሰንጥቆ ይሄዳል።

ማዘንበሉ ከየት ይመጣል? አንደኛው የጥርሱ ነገር ነው፤ ሳይለንሰሩ የሚጠመዘዝበት የበርሜሉ ጫፍ ማለት ነው። የበርሜሉ ጥርስ መቆረጥ ያለበት ከውስጡ ቀዳዳ ጋር በአንድ መሐል ነው። ቶርኖ ላይ የበርሜሉን የውጭ ገጽ ይዞ የቆረጠ ባለሙያ፣ ቀዳዳውና ውጩ መሐላቸው ካልገጠመ ጥርሱን አጣሞ ያስረክባል፤ በዓይን አይታይም። ሁለተኛው ትከሻው ነው፤ ከጥርሱ በስተኋላ ያለው ጠፍጣፋ ገጽ ከቀዳዳው ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን መሥራት አለበት፤ ሳይለንሰሩ የሚያርፈው እዚያ ነውና። ሦስተኛው የሰው እጅ ነው፦ ትከሻው ላይ የተጋገረ ካርቦን ሳይጠርግ መግጠም፣ ወይም ከፍሬን ጋር የሚመጣውን እየተጨፈለቀ የሚጠብቅ ዋሸር ማስገባት። ያ ዋሸር እኩል ስለማይጨፈለቅ ሳይለንሰሩን ያዘነብላል። ማስተካከል ካስፈለገ ሺም፣ ማለትም እኩል ውፍረት ያለው ጠፍጣፋ ቀለበት ነው የሚገባው።

መፈተሻው ቀላል ነው። ጥይት አለመኖሩን አይታችሁ ቃታውን (ቦልቱን) ሙሉ በሙሉ አውጡ። ለካሊበሩ የተሠራውን ቀጥ ያለ መለኪያ ዘንግ ከኋላ በኩል በበርሜሉ አስገቡና በሳይለንሰሩ ጫፍ ከፊት እዩት። ዘንጉ በቀዳዳው መሐል ቆሞ ዙሪያውን እኩል ክፍተት ካለው ደህና ነው። ወደ አንድ ወገን ከተጠጋ ሳይለንሰሩን ፈትታችሁ ጥረጉና እንደገና ግጠሙ፤ አሁንም ከተጠጋ ጥፋቱ የጥርሱ ነውና አትተኩሱ። ተራ የመወልወያ ዘንግ ለዚህ አይሆንም፤ በራሱ ጎባጣ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ለ.30 ካሊበር የተለመደው ጥርስ 5/8 በ24 ነው (ውፍረቱ 5/8 ኢንች፣ በአንድ ኢንች 24 ጥርስ)፤ .338 ላይ 3/4 በ24ም ይገኛል። ‘ይገባል’ ብሎ በጉልበት ማዞር የለም፤ እጅ ላይ ከጠበቀ ልኩ አይደለም። የሳይለንሰሩ ቀዳዳ ለ.338 መሆኑን፣ አምራቹም ለዚያ ጥይትና ለናንተ በርሜል ርዝመት መፍቀዱን መመሪያው ላይ እዩ። በርሜሉ ባጠረ ቁጥር ጋዙ በበለጠ ግፊት ይደርሳል።

ከዚያ በኋላ ያለው ችግር መላላት ነው። ሙቀትና ንዝረት ጥርሱን ይፈታል፤ የላላ ሳይለንሰር ደግሞ ያዘነብላል። በየአምስቱ ጥይት ሙቀት የሚችል ጓንት አድርጎ ማጥበቅን ልማድ ማድረግ ነው። የጥይት ቡድናችሁ (ዒላማው ላይ አንድ ላይ የሚያርፉት ቀዳዳዎች) ድንገት ከተበተነ መነጽሩን ከመውቀስ በፊት እጃችሁ እዚያ ይሂድ። በተቃራኒው ካርቦን አጣብቆት አልፈታ የሚልም አለ፤ ለዚህ ጥርሱ ላይ ብቻ ቀጭን የኒኬል ግሪስ ይቀባል፣ ትከሻው ግን ደረቅና ንጹሕ ይሁን።

ሳይለንሰሩ ሲገጠም የመምቻው ነጥብ ይሄዳል። ጫፉ ላይ ክብደት ስለተንጠለጠለ በርሜሉ የሚርገበገብበት መንገድ ይቀየራል፤ አንድ ወይም ሁለት ኤምኦኤ (የዲግሪ አንድ ስድሳኛ የሆነ የማዕዘን መለኪያ) መዛወሩ የተለመደ ነው። አንድ ኤምኦኤ በ100 ሜትር 2.9 ሳንቲ ሜትር ናት፤ በ1000 ሜትር ግን 29 ስለሆነች ቀልድ አይደለችም። በ100 ሜትር አምስት ጥይት ያለ ማፈኛ፣ አምስት ከማፈኛ ጋር ተኩሱ፤ ከዚያ ፈትታችሁ እንደገና ገጥማችሁ ሌላ አምስት። ሁለቱ የማፈኛ ቡድኖች አንድ ቦታ ካረፉ ልዩነቱን ማስታወሻ ላይ ጽፎ መኖር ይቻላል። ካላረፉ ገጠማው ላይ ተመለሱ። ፍጥነቱም ትንሽ ስለሚቀየር በክሮኖግራፍ (የአረር ፍጥነት መለኪያ) እንደገና ለኩ፤ ያለ ማፈኛ በተለካ ፍጥነት የተሠራ የአረር መውረጃ ሰንጠረዥ ሩቅ ላይ ያስታል።

ሙቀቱ ሌላ ጣጣ ነው። ከአሥር ማግነም ጥይት በኋላ ሳይለንሰሩ እጅ ይልጣል። ከላዩ የሚነሣው ሙቀት በመነጽሩ ፊት አየሩን ያርገበግበዋል፤ ዒላማው ይዋኛል፣ ተኳሹም ከፍ አድርጎ ያነጣጥራል። የጨርቅ ሽፋን ይህን ያስታግሳል፤ ግን ሙቀቱን ውስጥ ይዞ ስለሚያቆይ ቶሎ ቶሎ አትተኩሱ። በተለይ ቲታኒየም ከ430 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ጥንካሬው ይቀንሳል። ቀላል በመሆኑ ለአደን ተስማሚ ነው፤ ብዙ ለሚተኩስ ሰው ግን ከባዱ ብረት ይሻላል፤ ክብደቱም ርግጫ ይቀንስለታል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ጠመንጃው ይዘላል የሚል ሰው አለ። ያኔ ጥፋቱ ብረቱ ላይ ሳይሆን አተኛኘቱ ላይ ነው። አረሩ በርሜሉን ሳይለቅ ጠመንጃው 2 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ሄዷል፤ እነዚያ 2 ሚሊ ሜትር ቀጥ ብለው ካልሄዱ አፈሙዙም ቀጥ ብሎ አይቆይም።

በደረት ስትተኙ አከርካሪያችሁ ከበርሜሉ ጋር ትይዩ፣ ዳሌያችሁም ከጠመንጃው ኋላ እኩል ይሁን። የድሮው ወታደራዊ አተኛኘት፣ እግርን ወደ ግራ አስፍቶ ሰውነትን ማጋደም፣ ለምንሽር ይሠራ ነበር፤ እዚህ ግን ሰደፉ የሚደገፍበት ሥጋ ስለሚያጣ ወደ ቀኝ ይሸሻል፣ አፈሙዙም ወደ ግራ ይዘላል። ከተኩስ በኋላ የመነጽሩ መስቀል የት እንደሄደ እዩ፤ በቀኝ እጅ የሚተኩስ ሰው መስቀሉ ሁልጊዜ ወደ ላይና ወደ ግራ ከሄደበት ዳሌውን ወደ ቀኝ ያምጣ። ቀጥ ብሎ ወጥቶ ቀጥ ብሎ ከወረደ ሌላ ነገር አትንኩ።

ሰደፉ ከአንገት አጥንት በታች፣ ከክንድ መገጣጠሚያው ወደ ውስጥ ባለው ለስላሳ ቦታ ላይ ይረፍ። በደረታችሁ ወደፊት ገፋ አድርጋችሁ የጠመንጃውን ሁለት መቆሚያ እግሮች (የባይፖዱን) ልልነት ጨርሱት፤ ልልነቱ ካለቀ በኋላ የሚጨመር ጉልበት መንቀጥቀጥ ነው። ግራ እጅ ከሰደፉ ሥር የአሸዋ ከረጢቷን ይጨምቃል፤ ከፍታው የሚስተካከለው በእሷ ነው። ጉንጭ ሰደፉ ላይ ሳይጫን ይረፍ። ምላጩ ከተሳበ በኋላ ጠመንጃው ተመልሶ እስኪረጋ ድረስ ጣታችሁ እንደሳበው ይቆይ። የመነጽሩን ማጉያ ከ25 ወደ 12 ወይም 15 ማውረድም ብዙ ይረዳል፤ ሜዳው ሰፍቶ ሲታይ ዒላማው ከዓይን አያመልጥም።

ዓይን ከመነጽሩ 9 ሳንቲ ሜትር ያህል ይራቅ። ቅንድብ ላይ የጨረቃ ቅርጽ ጠባሳ ያላቸው ሰዎች አንገታቸውን ወደፊት ያሰገጉ ናቸው። የመነጽሩ ቀለበት ብሎኖች 15 እስከ 18 ኢንች ፓውንድ፣ የጠመንጃውን ብረት ከሰደፉ ጋር የሚይዙት 65 አካባቢ ይጠበቃሉ፤ አምራቹ ሌላ ከጻፈ የሱ ይቅደም። በእጅ ግምት የጠበቀ ማግነም ላይ ይፈታል።

ርግጫውን ፈርቶ ቀድሞ መሸማቀቅን ማንም አምኖ አይቀበልም፤ ጥይት ያልጎረሰ ጠመንጃ ግን ያጋልጠዋል። ጓደኛችሁ አምስት ጥይት ሲያሰናዳ ሁለቱን ባዶ መለማመጃ ያድርጋቸው፤ ቅደም ተከተሉን አትወቁ። ባዶው ላይ ምላጩ ሲሳብ አፈሙዙ ካጎነበሰ ትከሻችሁ ቀድሞ እየሸሸ ነው። መድኃኒቱ ማግነሙን አስቀምጦ በ.223 ወይም በ.308 በተመሳሳይ አተኛኘት መለማመድ፣ ከዚያ ተመልሶ በአንድ ቀን ከሃያ ጥይት አለማለፍ ነው። ከሃያ በላይ የሚተኮሰው አብዛኛው ልምምድ ሳይሆን መጥፎ ልማድ ነው።

ስትጨርሱ ሳይለንሰሩን ሲበርድ ፍቱት፤ የባሩዱ እርጥበት ውስጡ ታምቆ ከቆየ የበርሜሉን ጫፍ ያዝጋል። በርሜል ስትወለውሉም ይፈታ፤ ሟሟው ውስጡ ከተጠራቀመ ቀጣዩ ተኩስ እሳትና ጭስ ነው። ኮምጣጤና ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ቀላቅሎ መዘፍዘፍ የሚሉትን ተዉት፤ ከእርሳስ ጋር ሲገናኝ በቆዳ የሚሰርግ መርዝ ይሆናል፤ ፍሳሹንም የትም መድፋት አይቻልም። አዲስ እያለ በወጥ ቤት ሚዛን መዝናችሁ ክብደቱን የማስቀመጫው ክዳን ላይ ጻፉት፤ በየጊዜው ስትመዝኑት የጨመረው ካርቦን ነው።