ጣና፣ እኔና ቢጫው ጀሪካን

ባሕር ዳር ተወልጄ ባሕር ዳር አድጌ ዋና አልችልም። ይህን 34 ዓመት ሙሉ ደብቄው ኖሬያለሁ።

ልጆች ሳለን ጓደኞቼ ባዶ ጀሪካን ደረታቸው ላይ በገመድ አስረው ዋና ሲለምዱ እኔ ልብስ ጠባቂ ነበርኩ። «ሌባ አለ» እላለሁ። ሌባ መጥቶ አያውቅም። አድጌም አልተሻለኝም። ከአዲስ አበባ እንግዳ በመጣ ቁጥር «ጣናን አስጎብኘን» ይለኛል። ወደቡ ድረስ እሸኛለሁ። ልክ ጀልባዋ ጋ ስንደርስ ሆዴን ይቆርጠኛል። ወይ አስቸኳይ ስልክ ይደወልልኛል። ሁሉም ካልሠራ «ላፕቶፓችሁን ማን ይጠብቃል?» እላለሁ። ያው ልብስ ጠባቂ ነኝ፤ የምጠብቀው ዕቃ ነው የተወደደው።

ዘንድሮ ግን እማዬ ሕልም አየች።

ሥራ ፈት በነበርኩ ጊዜ «ልጄ ሥራ ይያዝልኝ እንጂ ለዘጌዋ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ጃንጥላ አገባለሁ» ብላ ተስላ ነበር። ሥራ ከያዝኩ 6 ዓመት ሆነኝ። ጃንጥላውም 6 ዓመት ቁም ሣጥን አናት ላይ ተኝቷል። የካቲት 16 በደረሰ ቁጥር «ዘንድሮ ሥራ በዝቶብኛል» እያልኩ አሳልፈው ነበር። በሕልሟ ነጭ የለበሰች ሴት መጥታ «ጥላዬስ?» አለቻት። ለእናት ሥራ በዛብኝ ይባላል። ለሕልም ምን ይባላል?

«በመኪና እንሂዳ» አልኩ። ዘጌ ደሴት አይደለችም፤ ባሕረ ገብ መሬት ናት፣ በየብስም ይገባል። የጂኦግራፊ ትምህርት ለመጀመሪያ ጊዜ ሊጠቅመኝ ነበር።

«ያ ኮረኮንች ወገቤን ቆርጦ ሊጥለው? በጀልባ ነው የምንሄድ» አለች። አለቀ።

ማታ ጎግል ከፈትኩ። ፈሪ ሰው ማታ ጎግል መክፈት የለበትም። ጣና ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በጣም ጥልቅ የሆነው ቦታ 14 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። አዋቂዎቹ «ጥልቀት የሌለው ሐይቅ» ይሉታል። የእኔ ቁመት 1 ሜትር ከ68 ነው። ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ለእኔ ያው ነው።

ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። ጀሪካን! ተነሥቼ ጓዳ ገባሁ። ባለ 20 ሊትሩን ቢጫ የዘይት ጀሪካን በኦሞ አጠብኩት። ክዳኑን ደጋግሜ አጠበቅኩ፤ ውኃ ካስገባ አለቀልኝ።

ጠዋት ወደቡ ላይ ደረስን። እማዬ ጃንጥላዋን፣ እኔ ጀሪካኔን ይዘናል። ጀልባዋ በነጠላ ለባሽ ተሞልታለች። ላይፍ ጃኬት የለም እንዳልል፣ አለ። ግን አግዳሚው ስለሚቆረቁር እናቶች አጣጥፈው ተቀምጠውበታል። አንዲትን እናት «ይነሡልኝ፣ ልለብሰው ነው» ማለት ሞቱን ይመስላል። ጀሪካኔን ጭኔ ላይ አድርጌ እንደ ሕፃን አቀፍኩት።

«ለጠበል ነው ልጄ?» አሉኝ አጠገቤ የተቀመጡት እማማ።

«አዎ እማማ።» ሌላ ምን ልበል?

«ተባረክ! የዛሬ ልጅ እኮ አንዲት ሃይላንድ አንጠልጥሎ ነው የሚመጣ።»

ጠዋት ጣና እንደ ቅባ ኑግ ረግቶ ነበር። እኔ ግን አልረጋሁም። ዘንባባዎቹ ወደ ኋላ እያነሱ ሲሄዱ ክዳኑን እንደገና አጠበቅኩ። የክዳኑ ጥርስ መዳፌ ላይ ታትሟል። «አይዞህ፣ አይዞህ» እላለሁ በሆዴ። ለራሴ ይሁን ለጀሪካኑ አላውቅም።

ክብራን ገብርኤል ትይዩ ስንደርስ ጉድ ፈላ። ደሴቲቱ የወንዶች ገዳም ናት፣ ሴት አትገባም። ስለዚህ እናቶቹ ከሩቁ ሊሳለሙ በአንድ ጊዜ ብድግ አሉ። ሁሉም በአንድ ወገን! ጀልባዋ ዘመም። እኔ ብቻዬን በሌላው ወገን ቀርቼ ሚዛን ለመጠበቅ ወደ ኋላዬ ተለጠጥኩ። እማዬ ዞር ብላ «አንተ፣ ተሳለም እንጂ!» አለች። ከተቀመጥኩበት ተሳለምኩ። እንደዚያን ቀን ከልቤ ጸልዬ አላውቅም።

ዘጌ ደረስን። በቡናው ጫካ ውስጥ ሽቅብ ወጣን። ጃንጥላው ገባ፣ እልልታው ቀለጠ። ሰባኪው የበላዔ ሰብእን ታሪክ አነሡ። 78 ነፍስ የበላ ሰው ነው፤ በእመቤታችን ስም ለተጠማ ሰው ጥርኝ ውኃ በመስጠቱ ዳነ። እኔ ጀሪካኔን ታቅፌ አዳምጣለሁ። ጥሩ ቀን ነበር።

ችግሩ ጠበሉ ጋ ተፈጠረ። አንድ ለጋ ዲያቆን ጀሪካኑን አየና «አምጣ ወንድሜ» ብሎ ከእጄ ወሰደው። «አይ፣ ይኼ እንኳ…» ብዬ ጀመርኩ። ከኋላዬ ሰልፍ አለ። እማዬ በኩራት ታየኛለች። መዋኛዬ ነው ይባላል? አፉ ድረስ ሞላልኝ። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ 20 ሊትር ተሸክሜ ቁልቁለቱን ወረድኩ።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጣና ነፋስ አለው። መንገድ አጋማሽ ላይ ማዕበሉ ጀልባዋን በጥፊ ይማታ ጀመር። አንዱ ፍንጣሪ ፊቴ ላይ አረፈ። ጀሪካኔን ጭምቅ አደረግኩት፤ አልነቃነቅ አለኝ። ባዶ ጀሪካን ሰው ያድናል። ሙሉ ጀሪካን ራሱንም በጭንቅ ነው የሚያድን። ላፍስሰው? ጠበል ነው። ማዕበሉ ቢምረኝ እማዬ አትምረኝም።

ድምፄ ከየት እንደመጣ አላውቅም። «ጠበል የሚፈልግ አለ?» ብዬ ጮህኩ።

ከየዘንቢሉ ሃይላንድ ወጣ። አንዷ እናት የአንዱን ሃይላንድ አፍ በቢላ ቆርጣ ገልብጣ ያዘችልኝ። በላዩ አንቆረቁራለሁ። ከአንዱ አግዳሚ ወደ ሌላው እሄዳለሁ። «እርስዎስ እማማ? ትንሽ ልጨምርልዎ! ይጠጡት እንጂ፣ አሁኑኑ ይጠጡት!» ምርቃቱ ይዘንባል። የጠዋቷ እማማ «በላዔ ሰብእ በጥርኝ ውኃ ነው የዳነ፤ ይኼ ልጅማ በጀሪካን!» አሉ። በዚያ ማዕበል ጀልባዋ መካከል ቆሜ እንደነበር ያወቅኩት ባለጀልባው «ወንድሜ፣ ተቀመጥ እንጂ፣ ትወድቃለህ!» ብሎ ሲጮህብኝ ነው።

ቁጭ አልኩ። ጀሪካኑ ባዶ ሆኖ ነበር። አቀፍኩት። ወዲያው ባሕር ዳር ደረስን።

እማዬ ልታግዘኝ ጀሪካኑን ብታነሣው በአንድ ጣቷ ተነሣ።

«ጠበሉስ?»

«ሰጠሁት።»

«ሁሉንም? ለጎረቤቱ ሁሉ በስልክ ተናግሬ!»

መዋሸት ደከመኝ። «እማዬ፣ ለጠበል አልነበረም። መዋኛዬ ነበር» አልኳት።

ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትስቅ ጀመር። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «አባትህም አይችልም ነበር። ወንዝ ስንሻገር የእኔን ቀሚስ ነበር የሚይዝ» አለች። ዓይኗን ጠረገች። «በል፣ ነገ ተመልሰህ ቀድተህ ትመጣለህ።»

ይህን የምጽፈው ጀልባው ላይ ሆኜ ነው። ገና አልተነሣንም። አጠገቤ የተቀመጡ አባት «ሁለት ጀሪካን! ተባረክ ልጄ» ብለውኛል።

አንዱ ለጠበል ነው።