በስቶንስ ጅማሬ ሪትም መማር

የጊታር ጓደኞቼ ሰላም! ሰሞኑን ሶሎውን ገታ አድርጌ ሪትም ላይ ተጠምጃለሁ። የምከተለው የእንግሊዙን ባንድ የሮሊንግ ስቶንስን የመጀመሪያ ዘመን ነው፤ ገና የብሉዝ ባንድ የነበሩበትን።

ጊታሪስቱ ብራያን ጆንስ ባንድ ለማቋቋም ማስታወቂያ ሲያወጣ ቀድሞ የመጣው ፒያኒስቱ ኢያን ስቱዋርት ነበር። ድምፃዊው ሚክ ጃገርና ጊታሪስቱ ኪት ሪቻርድስ የተቀላቀሉት ከዚያ በኋላ ነው። ስማቸውን ከብሉዝ ሙዚቀኛው ከመዲ ዋተርስ ዘፈን ወስደው፣ እ.ኤ.አ. ጁላይ 12 ቀን 1962 ለንደን በሚገኘው ማርኪ ክለብ መድረክ ላይ ወጡ። በ1963 ማናጀራቸው መልኩ ለፖፕ ባንድ አይሆንም ብሎ ስቱዋርትን ከመድረክ አስወጣው። እሱ ግን ዕቃቸውን እየጫነ፣ ስቱዲዮ ውስጥም ፒያኖ እየተጫወተላቸው በ1985 እስኪያርፍ ድረስ አልተለያቸውም። ይህን ሰው በጣም ነው የማከብረው።

ለእኛ ትልቁ ትምህርት ያለው ግን ቼልሲ፣ ኢዲት ግሮቭ በሚባል መንገድ ላይ በተከራዩት ቤት ነው። የ1962–63 ክረምት እንግሊዝን ያንቀጠቀጠ ብርድ ነበር። ጆንስና ሪቻርድስ እዚያ ተቀምጠው የአሜሪካዊውን የብሉዝ ሙዚቀኛ የጂሚ ሪድን ሸክላዎች ደጋግመው እየሰሙ ሁለቱን ጊታሮች ለይተው ያጠኑ ነበር። በሪድ ሸክላዎች ላይ ኤዲ ቴይለር የሚጫወተውን ጊታር ለብቻው ለመስማት ሞክሩ። ቀላል ይመስላል፤ ግን ዘፈኑን ተሸክሞት የሚሄደው እሱ ነው።

እኔም ከዚያው ጀመርኩ። ቁልፉ ኢ ነው። ስድስተኛውን (በጣም ወፍራሙን) ክር ክፍት ትተዋላችሁ፤ አምስተኛውን በሌባ ጣት 2ኛው ፍሬት (በጊታሩ አንገት ላይ ያለው የብረት መስመር) ላይ ትይዛላችሁ። በ1ኛውና በ3ኛው ምት እንዲሁ ትመታላችሁ፤ በ2ኛውና በ4ኛው የቀለበት ጣት 4ኛው ፍሬት ላይ ታርፋለች። በእያንዳንዱ ምት ሁለቴ ነው የሚመታው፤ የመጀመሪያው ረዘም፣ ሁለተኛው አጠር ይላል። ሁለቱን እኩል ካደረጋችኋቸው ብሉዙ ይጠፋል። ወደ ኤ ሲኬድ ያው ቅርጽ ወደ ቀጫጭኖቹ ክሮች በኩል አንድ ክር ይሻገራል። ቢ ላይ ግን ትንሿ ጣት እስከ 6ኛው ፍሬት መዘርጋት አለባት፤ መጀመሪያ ቀስ ብላችሁ አሟሙቋት።

አሁን ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ነው የምለማመደው። እኔ በወፍራሞቹ ክሮች ሪትሙን ስይዝ እሱ በቀጫጭኖቹ ሦስት ክሮች ክፍተቱን ይሞላል፤ ከዚያ እንቀያየራለን። በስልክ ቀድተን ስንሰማው አንዳንዴ የትኛው የማን እንደሆነ መለየት ያቅተናል። እኔን ደስ የሚለኝ ይሄ ነው!

ቀጥሎ ሀርሞኒካ እንጨምራለን። ጊታሩ በኢ ከሆነ የሚያስፈልገው የኤ ሀርሞኒካ ነው፤ ከመንፋት ይልቅ አየር መሳቡ ይበዛበታል። የሞከራችሁት ካላችሁ፣ ድምፁን ማጠፍ ከስንተኛው ቀዳዳ ብጀምር ይሻላል?