ቮልሴ መብራት ላይ ለምን ትጠፋ ነበር?

በፈረንጆች 1968 የተሠራች ቮልስ አለችኝ። ዳገቱን ምንም ሳትል ትወጣለች፤ ቀይ መብራት ላይ እግሬን ከነዳጅ መስጫው ሳነሣ ግን ሁለት ሦስቴ ትንቀጠቀጥና ጸጥ ትላለች። ከኋላዬ ያለው ታክሲ ጥሩምባውን ለመንፋት ጊዜ አይፈጅበትም።

መጀመሪያ ካቻቪቴ ይዤ ሚኒሞውን፣ ማለትም እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሣ ሞተሩ የሚዞርበትን ፍጥነት፣ ከፍ አደረግሁት። መጥፋቷን ተወች፤ ግን ቆማም ትጮኻለች፤ ቁልፉን ከነቀልኩ በኋላ እንኳ እየተንገጫገጨች ትንሽ ትዞራለች። ለካ ቤንዚን በሌላ ቀዳዳ እንዲገባ አድርጌ በሽታውን ደብቄው ነበር። ጋራዥ ስወስዳት ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉትን አራቱንም ካንዴላዎች ቀይረው፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራቶር ካልተቀየረ አይሆንም አሉኝ።

ከመግዛቴ በፊት ዕድሜያቸውን በመካኒክነት ያሳለፉትን የአባቴን ጓደኛ አማከርኩ።

«ስትሄድስ ታስቸግራለች?»

«የለም ጋሼ፣ ስትቆም ብቻ ነው።»

«እንግዲያው የተዘጋው ትንሹ መንገድ ነው።»

የእኔው ሶሌክስ ካርቡራቶር ለሚኒሞ የተለየ ቀጭን የቤንዚን መንገድ አለው። በዚህ መንገድ ላይ የሞተሩ ቁልፍ ሲከፈት የሚከፈት የኤሌክትሪክ ቫልቭ አለ። የፈሰሰ ቤንዚን አለመኖሩን አይተን፣ ሞተሩን ሳናስነሣ ቁልፉን ከፍተን የቫልቩን ሽቦ ነቅለን ሰካነው፤ «ቀጭ» አለ። ኤሌክትሪኩ ደህና ነው። ቫልቩን ፈትቼ ጫፉ ላይ ያለችውን ጂግለር፣ ቤንዚኑን የምትመጥነውን ባለ ቀዳዳ የናስ ቁራጭ፣ ወደ ፀሐይ አነሣኋት። 55 የሚል ተጽፎባታል፤ ቀዳዳዋ 0.55 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። ብርሃን አላሳለፈችም። ሽቦ ላስገባባት ስል ጋሼ እጄን ያዙኝ፤ ናስ ለስላሳ ስለሆነ ሽቦ ቀዳዳውን ያሰፋዋል። አየሩ በሳሳበት አዲስ አበባ ደግሞ ትርፍ ቤንዚን ጥላሸት ነው የሚሆነው። በጎማ መንፊያ ሲነፏት ከጤፍ ፍሬ ያነሰች ቀይ ዝገት መዳፋቸው ላይ ወደቀች።

ሚኒሞውን ወደ ቦታው መለስን፤ ሞተሩ በደቂቃ 850 ዙር ላይ ተረጋጋ። በአሥረኛው ቀን እዚያው መብራት ላይ ጠፋች።

አሁን ካርቡራቶሩን አልነካሁም። ዝገቱ ከየት እንደሚመጣ መጠየቅ የነበረብኝ በመጀመሪያው ቀን ነበር። ከፊት ኮፈን ሥር ያለውን ሳልባትዮ፣ የቤንዚን ማጠራቀሚያውን፣ አውርጄ ቤንዚኑን ስገለብጥ ባልዲው ግርጌ ላይ የቡና አተላ የመሰለ ዝገት ተኛ። መውጫው ላይ ያለው ወንፊት ተቀዷል፤ ከቤንዚን ፖምፓው በፊት መኖር የነበረበት ማጣሪያም የለም፤ አንዱ አውጥቶ በባዶ ቱቦ አገናኝቶታል። ሳልባትዮውን ደጋግሜ አጥቤ፣ ወንፊቱንና ማጣሪያውን በአዲስ ተካሁ። ከዚያ ወዲህ መብራት ላይ ጠፍታ አታውቅም።

ጋራዡ ያወጣቸው አራት ካንዴላዎች ዛሬም ጓዳ ውስጥ አሉ። ምንም አልነበራቸውም።