ለአክስቴ የዱቤ መዝገብ ዳታቤዝ ስመርጥ

አክስቴ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ እህል ትነግዳለች። ብዙው ደንበኛዋ በዱቤ ነው የሚወስደው። ዱቤው የሚጻፈው ደግሞ ጠርዙ ባለቀ ደብተር ላይ ነው። ደብተሩን ወደ ስልኳ ላዛውርላት ከተነሳሁ ሦስት ወር ሆነኝ።

መጀመሪያ የመረጥኩት ዳታው ኢንተርኔት ላይ የሚቀመጥበትን ዳታቤዝ (የመረጃ ማስቀመጫ ሶፍትዌር) ነበር። ቤት ቁጭ ብዬ ስሞክረው ግሩም ሠራ። ቅዳሜ ጠዋት ግን ሱቁ በሰው ሞልቶ ሳለ ኔትወርክ ጠፋ። ስክሪኑ ላይ ክቧ ምልክት ትሽከረከራለች፤ ደንበኛው ጤፉን አስጭኖ ይጠብቃል። አክስቴ «ደብተሬን አቀብለኝ እስቲ ልጄ» አለችኝ። ያለ ኔትወርክ እንዲሠራ አድርጎ ማዋቀርም ይቻል ነበር። ግን የአንድ ሱቅ ዱቤ ባሕር ተሻግሮ የሚመለሰው ለምንድን ነው?

ኤስኪውላይት ወደሚባለው ዳታቤዝ ዞርኩ። ከ2000 ጀምሮ ያለ ነው፤ ሰርቨር፣ ማለትም ዳታውን የሚያስተናግድ ሌላ ኮምፒውተር፣ አይፈልግም፤ መዝገቡ በሙሉ ስልኩ ውስጥ አንድ ፋይል ነው። ዱቤ ሲመዘገብ ከክምችቱም መቀነስ አለበት። ሁለቱን በአንድ ትራንዛክሽን አሠርኳቸው፤ ወይ ሁለቱም ይጻፋሉ፣ ወይ አንዳቸውም። እየመዘገበ ሳለ አፑን ደጋግሜ ዘጋሁት፤ ሒሳቡ አልተዛባም። አፑን የጻፍኩት ፍለተር በሚባል የአፕ መሥሪያ ነው። የአክስቴ ስልክ አንድሮይድ፣ የልጇ አይፎን ስለሆነ አንዱ ኮድ ለሁለቱም ይበቃል።

ከሁሉ በላይ የለፋሁት አማርኛው ላይ ነው። «ኃይሉ» ተብሎ የተመዘገበውን ደንበኛ አክስቴ «ሀይሉ» ብላ ስትፈልገው የለም አላት። ለእኛ አንድ ድምፅ ነው፤ ኮምፒውተር ፊደላትን በሚለይበት በዩኒኮድ ግን እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው። ስለዚህ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሁለተኛ የስም ዓምድ ጨመርኩ። እሱ ላይ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይቀየራሉ። የምትፈልገው ስምም እንዲሁ ተቀይሮ ነው የሚፈለገው። መጀመሪያ ኀን ቀይሬ ኃን ረስቼው ነበር። ሰባቱንም ፊደላት ተከታተሉ፤ ሃ፣ ሓ እና ኃም ወደ ሀ መግባት አለባቸው። ደንበኛው የሚያየው ስም ግን እሱ እንደሚጽፈው ይቆይ፤ የሰው ስም አይነካም።

ቀኑም አስቸገረኝ። የዳታቤዙ የቀን ስሌት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ስለሆነ 13ኛ ወር አያውቅም። አሁን የማስቀምጠው የፈረንጁን ቀን ነው፤ ስክሪኑ ላይ ወደ እኛ ይቀየራል። መፈተኛዬ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ነበር፤ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ሆኖ ሲመጣ እፎይ አልኩ።

አክስቴ አዘዞ ሁለተኛ ሱቅ ልትከፍት አስባለች። ሁለት ስልክ አንድ መዝገብ ላይ ሲጽፍ በስልክ ውስጥ ያለ ፋይል አይበቃም። ያኔ ፖስትግሬስ የሚባለውን የሰርቨር ዳታቤዝ መሀል ላይ አስቀምጬ ስልኮቹ ኔትወርክ ሲያገኙ እንዲያመሳስሉ አደርጋለሁ። ለጊዜው ማታ ማታ አፑን ዘግቼ ፋይሉን ፍላሽ ላይ እገለብጣለሁ።